አራተኛዋ ሰንሰለት

ወንድሜ ሙኒር አባታችንን ሲያታልል በጆሮዬ የሰማሁት ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ አብነት ሠፈር፣ ሱቃቸው በር ላይ ቆሜ የጫማዬን ጭቃ ስጠርግ ነው። «አባ፣ ይህቺ ከሆለታ የመጣች ናት። ባለቤቱ ማሽን እንዳይነካብኝ፣ በጋሽ በከር እጅ ትሞረድልኝ ብሏል» አለው። አባቴም ለመቼ እንደሚፈልጋት ጠየቀ። ሙኒር ለነገ ብትደርስ ይበቃል አለና የሞተር መጋዙን ሰንሰለት ሞርሳው ላይ አሰረለት። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ወንድሜን ጎበዝ ልጅ ብዬ አልፍ ነበር። ችግሩ ሰንሰለቷን አውቃታለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት አባቴን ልጠይቅ ስመጣ ይህቺው ሰንሰለት «ከሰበታ የመጣች» ተብላ እዚሁ ሞርሳ ላይ ታስራ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ተበጥሳ የተቀጠለች ናት፤ ሌላው ሁሉ ጠቁሮ የተቀጠለበት ዘለበት ብቻ እንደ አዲስ ሳንቲም ያብለጨልጫል። ለአባቴ አይታየውም፤ ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ከጋረዳቸው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ለእኔ ግን ይታየኛል።

ቀመሪያ እባላለሁ፤ የአባቴ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። እንጀራዬ ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ለባለጉዳይ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሰውን ሲከስ ስጽፍ ስለኖርኩ፣ አንድ ነገር ሲያናድደኝ አፌ ከመናገሩ በፊት ጭንቅላቴ «አመልካች» እና «ተጠሪ» ብሎ ይጀምራል። ባሌ ሲያስቀይመኝ እንኳ በልቤ «ተጠሪ ያለ በቂ ምክንያት አምሽቶ በመግባቱ» እያልኩ ነው ራት የማቀርብለት። ያን ዕለትም በሩ ላይ እንደቆምኩ ሙኒርን በተራ ቁጥር ከሰስኩት። አንደኛ፣ ተጠሪ የሰባ አራት ዓመት አዛውንት የሆኑትን ወላጅ አባቱን በሌለ ሥራ የሚያለፋ መሆኑ። ሁለተኛ፣ ይህንን የሚያደርገው የዓይናቸውን አለማየት ተገን አድርጎ መሆኑ። ሦስተኛ፣ ለታላቅ እህቱ አለመንገሩ። እውነቱን ልናገርና ከሁሉም ያቃጠለኝ ሦስተኛው ነው። በአፌ ግን አባቴን ሰላም ብዬ፣ ለዘጠኝ ሰዓቱ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ የሚለብሰውን ንጹሕ ሸሚዝ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩለት። ይህንን ቀጠሮ ሥራ በዛብኝ እያለ ሁለት ጊዜ አራዝሞታል። የትኛው ሥራ እንደበዛበት አሁን ገባኝ።

ሱቁ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ከብረት በር ሠሪውና ከፍራሽ ሰፊው መሃል የምትገኝ አራት በአምስት የማትሞላ ክፍል ናት። ድሮ ግድግዳዋ ሙሉ ሰንሰለት ይንጠለጠልበት ነበር። አሁን ሙኒር መሃሏን በላሜራ ከፍሎ ከኋላ ማሽኑን፣ ከፊት ባንኮኒውንና የሚሸጣቸውን ዕቃዎች አድርጎባታል። የአባቴ ቦታ በሩ አጠገብ ነው፤ የወይራ ጉማጅ ላይ የተመታች ሞርሳ፣ አጭር በርጩማ፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ አምስት ክብ ሞረዶች፣ አንዲት አሮጌ ሬዲዮን። እዚያች በርጩማ ላይ አርባ አንድ ዓመት ተቀምጧል። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ እኔም የምቀመጠው ከሥሩ ነበር። ያኔ ግራይንደር የሚባል የመሳያ ማሽን በሠፈሩ አልነበረም። ከሆለታ፣ ከመናገሻ፣ ከሰበታ ባሕር ዛፍ የሚቆርጡ ሰዎች ሰንሰለታቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ይመጡና ልብሳቸው ላይ ሰጋቱራ እንዳለ ተራ ይጠብቃሉ። እነሱ ሲገቡ ሱቁ በሙሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። አባቴ የመጀመሪያዋን ጥርስ በጠመኔ ይቀባል፤ ዞሮ እሷ ጋ ሲደርስ መጨረሱን ያውቃል። ጥርሶቹ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ያዘነበሉ ስለሆኑ መጀመሪያ የቀኞቹን፣ ከዚያ የግራዎቹን ይሞርዳል፤ ለእያንዳንዱ ጥርስ ሦስት ጊዜ፣ ወደ ፊት ብቻ። ሞረዱ ወደ ኋላ ሲመለስ ብረቱን መንካት የለበትም፤ ከነካ ሞረዱም ጥርሱም ይበላሻል። ስለዚህ ድምፁ ሽር ይልና ዝም ይላል፣ ሽር ይልና ዝም ይላል። ሠላሳ ስድስት በሦስት ሲባዛ ስንት እንደሚመጣ ያወቅሁት አስተማሪ ሳያስተምረኝ ነው።

ቤታችን ከሱቁ ጀርባ፣ ያው ግቢ ውስጥ ነው። እናቴ ነጅማ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከጓዳ ሆና ድምፁን ብቻ ሰምታ «የቀኙን ጨርሷል፣ አሁን የግራውን ይዟል፤ የእጅ ውሃ አዘጋጂለት» ትለኝ ነበር። የቀኙና የግራው ጥርስ ድምፅ ለእሷ ይለያል። ለእኔ ግን አንድ ዓይነት ስለሚሆንብኝ የምታሾፍብኝ ይመስለኝ ነበር። የዙሁር ሶላት ሲደርስ አባቴ እጁን በሎሚና በኦሞ ያሻል፤ የብረቱ ጥቁረት ግን ከጥፍሩ ሥር ለኢድ እንኳ ለቆ አያውቅም። ፊት ለፊታችን የአብዱሰመድ ሻይ ቤት ነበረች፤ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እዚያ ሻይ እየጠጡ የዛፍ ወሬ ያወራሉ፣ የትኛው ደን እንደተሸጠ፣ የትኛው ግንድ ማንን እንዳመለጠው። መንገዱ ሲሰፋ ሻይ ቤቷ ፈረሰችና አብዱሰመድ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሶት ሄደ። በሄደ በዓመቱ መሞቱን ሰማን። ልጆቹ ምንም አላመመውም፣ ዝም ብሎ መስኮት ላይ ተቀምጦ ይውል ነበር አሉን። አባቴ ከቀብሩ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ሞረዱን አነሳ። ያ ዘመን ይናፍቀኛል። ድህነቱ አይደለም የሚናፍቀኝ፤ ያ ድምፅ ነው።

ሙኒር ግራይንደሩን የገዛው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ሚዛናዊ ልሁንና ማሽኑ ጥፋት የለበትም። አባቴ ሦስት ሩብ ሰዓት የሚፈጅባትን ሰንሰለት እሱ በአምስት ደቂቃ ይጨርሳታል፤ የቀኝና የግራ ጥርሶቿንም እኩል አድርጎ ይስላል። እኔም ብሆን የጽሕፈት መኪናዬን አልጋ ሥር ከትቼ በኮምፒውተር የምጽፍ ሴት ነኝ፤ ማንን እወቅሳለሁ። ጉዱ ሙቀቱና ሆዳምነቱ ነው። እጅ ከከበደበት ጥርሱን አግሎ ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ሰማያዊ የሆነ ጥርስ ደግሞ ቶሎ ይደንዛል። በአንድ መሳል የሚበላው ብረትም የሞረድ አምስት ጊዜ ይሆናል። ማሽኑ የመጀመሪያ ቀን ሲነሳ አባቴ ከበርጩማው ሳይነሳ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ አሸተተና «ተቃጠለ» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማሽኑ አንድም ቃል ሲተነፍስ አልሰማሁም። ስምምነታቸው በማሽን የፈለገ በማሽን፣ በእጅ የፈለገ በእጅ የሚል ነበር። እኔም በእጅ የሚፈልግ ሰው እንዳልጠፋ አምኜ፣ አላህ ይስጣቸው እያልኩ ነበር የኖርኩት።

ከላሜራው ኋላ ገብቼ በሩን ገፋ አደረግኩና ሙኒርን ያዝኩት። አባቴ እንዳይሰማ የማሽኑን ማብሪያ ተጭኜ በጩኸቱ ውስጥ ነው የጠየቅኩት። አልካደም። ወንድሜ ሲዋሽ ጎበዝ አይደለም፤ ሲያዝ ጆሮው ይቀላል። የነገረኝ እንዲህ ነው። አባቴ ባለፈው ክረምት ታሞ ከተነሳ ወዲህ ግራ እጁ ደክሟል። የቀኙን ጥርስ እንደ ድሮው ይሞርዳል፤ የግራው ግን ሳይበላለት ረዝሞ ይቀራል። እንደዚያ ያለች ሰንሰለት ግንድ ውስጥ ስትገባ ቀጥ ብላ አትሄድም፤ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች። የመናገሻው ሸዋንግዛው፣ የሠላሳ ዓመት ደንበኛችን፣ ሦስት ጊዜ አስሞርዶ ሦስት ጊዜ ጎተተችበት። «ጋሽ በከር፣ ተበላሸ» ማለት አፍሮ ጥፋቱ የብረቱ ይሆናል ብሎ ሰንሰለቷ የምትዞርበትን ሰሌዳ ብረት ጥሎ አዲስ ገዛ። አዲሱም ላይ ስትጎትት ሰውዬው በጓሮ በር ገብቶ ለሙኒር በሹክሹክታ ነገረው፤ ሲነግረውም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር አለኝ። ከዚያ በኋላ ሙኒር አባቴ የሞረዳትን ሁሉ ሲመሽ በማሽን ደግሞ ይስል ጀመር። ያም አላዋጣም፤ በሁለት እጅ የምትበላ ሰንሰለት ቶሎ አለቀችና ደንበኛው ማጉረምረም ጀመረ። ስለዚህ ከረመዳን ወዲህ ለአባቴ የሚሰጠው ባለቤት የሌላትን አሮጌ ሰንሰለት ነው፤ በአንድ ሳምንት የሆለታ፣ በሌላው የሰበታ እያደረገ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለኝ። «እጅህ አይሠራም ልበለው? አንቺ ትነግሪዋለሽ?»

እነግረዋለሁ አልኩት። ዛሬውኑ እነግረዋለሁ፣ ወደ ቤቴም እወስደዋለሁ አልኩት። ማሽኑን አጥፍቼ ስወጣ አባቴ ጥርስ እየዳሰሰ ነበር። አውራ ጣቱን ከጥርሱ ላይ ሳያነሳ፣ ማሽኑ ምንም ሳይነካ ለምን እንደሚጮህ ጠየቀኝ። ሙኒር እያሳየኝ ነው ብዬ ወጣሁ። ዋሽቼ ነው የወጣሁት፤ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። ከቀረቡልኝ ጉዳዮች አንዱም አልያዝ አለኝ። የአንዱን የቤት ኪራይ ክርክር ስጽፍ የተከራዩን ስም «ሙኒር» ብዬ ጽፌ ባለጉዳዩ አረመኝ። ሰው ቀለል ሲልልኝ ንጹሕ ወረቀት አውጥቼ ክሱን የምሬን ጻፍኩት። የአመልካችን ስም ጻፍኩ፤ የተጠሪን ስም ጻፍኩ፤ የነገሩን ዝርዝር አንድ ገጽ ሙሉ አደረግኩት። ስናደድ ጽሑፌ ያምራል። የተቸገርኩት «የሚጠየቀው ዳኝነት» የሚለው ጋ ስደርስ ነው። ተጠሪ ምን እንዲያደርግ ይወሰንልኝ? አባቱን ቤት ያስቀምጥ? ያስቀመጡት ሰው ምን እንደሚሆን ከአብዱሰመድ አይተናል። እውነተኛ ሥራ ይስጠው? የሸዋንግዛው እንባስ? ውሸቱን ይቀጥል ተብሎ ደግሞ ዳኛ ፊት አይቀረብም። ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፍ ይህን ቦታ ባዶ ትቼ አላውቅም። ብዙ ሰው ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ እንደሚከስ ለባለጉዳዮቼ እየመከርኩ የምኖር እኔ፣ ወረቀቱን አራት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና አባቴን ላመጣ ሄድኩ።

ክሊኒኩ ውስጥ አባቴ እንደ እንግዳ ልጅ ጭምት ሆኖ ተቀመጠ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ «አባቴ» እያለች አገጩን ማሽኑ ላይ አስደገፈችው፣ አንዱን ዓይን አየች፣ ሌላውን አየች። ሞራው በደንብ በስሏል፣ ለቀዶ ጥገና ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም አለች። የፊታችን ማክሰኞ የቀኙን፣ ከወር በኋላ የግራውን። ሃያ ደቂቃ ነው፣ በማግስቱ ፋሻው ይፈታል፣ ጋዜጣ ሳይቀር ያነባሉ አለችው። ገንዘቡን እኔና ሙኒር ከአምና ጀምሮ አዘጋጅተናል። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። አባቴ ግን በትህትና አመሰገናትና «አስቤበት እመለሳለሁ» አለ። ሐኪሟ ወደ እኔ ተመለከተች። ፈርቶ ነው ብዬ ትከሻውን አሻሸሁለት፣ እንደማያምም ነገርኩት፣ የጎረቤቶቻችንን ስም እየጠራሁ እነሱም ታክመው እንደዳኑ ቆጠርኩለት። እሱ ኮፍያውን እያስተካከለ አስቤበት እመለሳለሁ የሚለውን ደገመው።

ታክሲ ከመያዛችን በፊት በእግር እንሂድ አለኝ። ክንዴን ይዞ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ጥቂት ከሄድን በኋላ ከዛፍ ሥር ካሉት አግዳሚ ወንበሮች አንዱ ላይ አስቀመጥኩት። መንግሥት በነጻ የሚያስቀምጠን ቦታ አገኘን ብሎ ሳቀ። እኔ የጠዋቱን ንዴቴን ይዤ ቆየሁ እንጂ የሚያስቅ ነገር አልታየኝም። አባ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው ብዬ ጀመርኩ። ስለ ሱቁ ነው አልኩት። ስለምትሞርዳት ሰንሰለት ነው አልኩት። የሰው ስም ሲጠፋ ክሱን በሁለት ቅጂ የምጽፍ ሴት አንድ ዓረፍተ ነገር አቃተኝ።

«ተዪው፤ አውቀዋለሁ» አለኝ አባቴ።

ዓይኑ ወደ መኪናዎቹ ነበር፤ መኪናዎቹን ግን አያያቸውም። «ጥርስ አያድግም ቀመሪያ። ትናንት የሞረድኳት ጥርስ ዛሬ ጠዋት ያችው ሆና፣ አጥራ ጣቴ ሥር ስትመጣ፣ ከሆለታ መጣሁ ብትለኝ አምናታለሁ? በሦስተኛው ቀን ነው ያወቅሁት። ይህቺ አራተኛዋ ናት። አራቱም ድሮ እኔው ሞርጄ ምስማር ላይ የሰቀልኳቸው ናቸው።»

ያወቀ ቀን ምን እንዳደረገም ነገረኝ። ተናድዶ ሞረዱን ጥሎ ተነሳ። ላሜራውን ገፍቶ ሊገባና ወንድሜን ሰው ፊት ሊያዋርደው ነበር። እጁ ላሜራው ላይ ሲደርስ ከወዲያ አንድ ደንበኛ ጮክ ብሎ ሲያወራ ሙኒር «ቀስ በል፣ አባቴ ሥራ ላይ ነው» ሲለው ሰማ። እዚያው ቆሞ ሰማት፤ ተመልሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ የጣለውን ሞረድ በዳሰሳ ፈልጎ አነሳው። እጁ እንደደከመ ለራሱም ከገባው ቆይቷል። ማን ሊነግረው እንደሚመጣ ነበር የሚጠብቀው። ልጁ ከመንገር ይልቅ መዋሸቱን መረጠ። ለውሸቱ ደግሞ በየጠዋቱ ቀድሞት እየመጣ ሞርሳውን ያጠብቅለታል፣ ሞረዱን ከቅባት ያጸዳለታል፣ የሌለ ሰው ስም ይፈልግለታል።

«አሁን ዓይኔ ከበራ ሙኒር ምን ይውጠዋል?» አለ። «ያቺ የምታብለጨልጭ ዘለበት አለች ብሎ ፍራሽ ሰፊው ነግሮኛል። ዓይን ኖሮኝ እሷን አላየሁም ልበል? ያየሁ ቀን እሱ ያፍራል። ካፈረ ዓይኔን ማየት ያቅተዋል። ያኔ ቤት ዋል ይለኛል፣ ቤት ደግሞ ነጅማ የለችም።»

ለዚህ ብለህ ልትታወር ነው ወይ ብዬ ጮህኩበት። አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ አየን። ወደ እኔ ቤት ና አልኩት፤ ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ቢሆንም ብርሃን አለው፣ ልጆቹ ይወዱሃል፣ ክፍል አለ። አባቴ እጄን ፈልጎ ያዘኝ። መዳፉ እንደ ድሮው ሻካራ ነው፤ ከዚያ መዳፍ ሌላ ምንም የድሮ ነገር እንዳልቀረልኝ ተሰማኝና አለቀስኩ። «ቤትሽ ደግ ነው» አለኝ። «እዚያ ግን እንግዳ ነኝ። እዚህ ሠራተኛ ነኝ።»

ወረቀቱ ላይ ጠፍቶብኝ የነበረው ነገር ያኔ ነው የመጣልኝ። ማየት አንድ ነገር ነው፣ አየሁ ማለት ሌላ ነው አልኩት። ስንት ወር አውቀህ ዝም ብለህ የለ? ታክመህ ዝም ማለት እንዴት ያቅትሃል? ዓይንህ እኮ የራስህ ነው፤ ምን እንዳየህ ማን ይመረምርሃል? አባቴ ሳቅ አለ። ጠበቃ ሆነሻል አለኝ። ከዚያ እሺ አለ። ማክሰኞ ይሁን አለ። ግን ሁለት ቃል አስገባኝ። አንደኛው ይህ ወሬ ሙኒር ጋ እንዳይደርስ። ሁለተኛው፣ ያቺ ሰንሰለት ጥርሶቿ የማለቂያቸው ምልክት ጋ ደርሰዋል፣ ሁለት ቀን ቢቀራት ነው፤ ሌላ እንዲፈልግ ላስታውሰው፣ ከእሱ የመጣ ሳይመስል። እየተነሳን «ስታልቅ ሥራ የለም ብሎ እንዳይጨነቅ» አለ። የሚጨነቀው ማን እንደሆነ እኔም አልጠየቅኩም፤ እሱም አልነገረኝም።

ሱቅ ስንደርስ አሥራ አንድ ተኩል ሆኖ ነበር። አባቴን በርጩማው ላይ አስቀመጥኩና ከላሜራው ኋላ ገባሁ። ሙኒር ጆሮው ቀልቶ ይጠብቀኛል፤ ነገርሽው ወይ ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ። አልነገርኩትም አልኩ። ውሸት አይደለም፤ የነገረኝ እሱ ነው። የፊታችን ማክሰኞ ቀዶ ጥገና መሆኑን ስነግረው መጀመሪያ አልሐምዱሊላህ አለ፣ ከልቡ ነው ያለው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ካየማ ያቺን ሰንሰለት ያውቃታል አለ። ታዲያ ለውጣት፣ ደግሞም ጥርሷ ያለቀ ይመስላል አልኩት። ከጥግ አንድ ካርቶን ጎትቶ አወጣና ከፊቴ ደፋው። ደንበኞች የጣሏቸው አሮጌ ሰንሰለቶች ናቸው፤ ሠላሳም ይሆናሉ። አንዷን አንስቼ ዳሰስኳት። ጥርሷ የሩዝ ፍሬ አያክልም። ሌላዋም እንደዚያው ናት። ማሽኑ የጨረሳቸው ናቸው፤ ለሞረድ የሚተርፍ ብረት ያላት አንዲት እንኳ የለችም። በሞረድ ተሞርደው ጥርስ የተረፋቸው አራት ብቻ ነበሩ አለኝ ሙኒር፤ እነሱም ድሮ አባ የሞረዳቸው ናቸው።

ከዚያ መደርደሪያው ላይ እጁን ሰደደና ለሽያጭ ካስቀመጣቸው አንዱን ፓኮ አወረደ። ቀደደው። አዲስ ሰንሰለት ናት፤ አራት ሺህ ብር ትጠጋለች፤ ፋብሪካው የቀባት ዘይት ገና አልደረቀም። አዲስ እኮ ናት፣ ምኗ ይሞረዳል አልኩት። ሰንሰለቷን ይዞ በጓሮ በር ወጥቶ የቤታችን ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተንበረከከ፤ እናቴ ጎመን ትከትፍበት የነበረው ጥቁር ድንጋይ ነው። የመጀመሪያዋን ጥርስ ድንጋዩ ላይ አስደግፎ ጎተታት። ሲጥ አለች። አውራ ጣቱን አስነካትና ገና ስለት ስላላት ደግሞ ጎተታት። ቀኑን ሙሉ የሰው ሰንሰለት ሲስል የሚውለው ወንድሜ አዲስ ሰንሰለት እያደነዘ ነበር። አባቱ ነገ የሚሞርደው ነገር እንዲኖረው፣ ዓይኑም ሲበራ የሚያፍርበት ነገር እንዳያገኝ ነው። ቦርሳዬን አስቀምጬ ፊት ለፊቱ ተንበረከኩ፤ የሰንሰለቷን ሌላ ጫፍ ያዝኩለት። እኩል አድርገው፣ በአንድ በኩል እንዳይበዛ አልኩት። ሁለት ጥርስ፣ ሦስት ጥርስ፣ አራት ጥርስ እያልን ቀጠልን። የድንጋዩ ጩኸት ግቢውን ሞላው፤ ቀስ እናድርግ ብንልም ብረት በድንጋይ ቀስ አይልም። ሠላሳ ጥርስ ይቀረናል። ሙኒር እጁን አቆመና ወደ ሱቁ በር ተመለከተ፤ ሰምቶን ይሆን ብሎ በግንባሩ ጠየቀኝ። ከወዲያ በኩል አባቴ በሬዲዮን ዜና እየሰማ ነበር። የአንባቢው ድምፅ ለአፍታ ቆረጥ አለና ከፊቱ ይበልጥ ጎልቶ መጣ፤ አባቴ ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎታል።